የብርቄ ተሳፋሪዎች

ሰው ሁሉ መኪና ሲገዛ የት እንደሚሄድበት ያስባል። ሰረቀብርሃን ያሰበው ማን እንደሚሳፈርበት ነበር። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የመኪና ቁልፍ ኪሱ ከተተ። መኪናዋ ጎንፋ የሚባል የታክሲ ሹፌር ልጆቹን ሲያመላልስባት የኖረች፣ ቀለሟ የደረቀ ሣር የመሰለ አሮጌ ኮሮላ ናት። ቁልፉን እንደተቀበለ የኋላውን በር ከፍቶ ገባና ተቀመጠ። ጎንፋ ግራ ገብቶት «ጋሼ፣ መሪው እኮ ከፊት ነው» አለው። ሰረቀብርሃን ግን ጉልበቱን ወዲያና ወዲህ እያደረገ ቦታውን ይለካ ነበር። ረጅም ሰው ቢቀመጥ ይመቸው እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነው።

«ቶዮታ አትሞትም» አለው ጎንፋ ሲሰናበተው። «ግን ጠባይ አላት። ጠባይዋን ከቻሉላት ብዙ ዘመን ታገለግልዎታለች።»

ይህን የተሳፋሪ ነገር ሰረቀብርሃን ከሜዳ አላመጣውም። ሦስት ዓመት በሰው መኪና ተመላልሷል፤ በሰው መኪና መሄድ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ተሳፋሪ ቀድሞ ወጥቶ ደጅ ይቆማል፤ በረዶ ቢጥልም ይቆማል። ባለመኪናው የሚወደውን መዝሙር ይወዳል፣ በቀልዱ ይስቃል፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ባለመኪናው ከተነሳ አብሮ ይነሳል። ከኋላ በሕፃን ወንበርና በዳይፐር ካርቶን መካከል ተጣጥፎ «ተመቸዎት ጋሼ?» ሲሉት «በጣም» ይላል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶች መኪናንም አስበው ሳይሆን አይቀርም። ሰረቀብርሃን እንግዲህ ያኔ ነው በልቡ የማለው። እግዜር ረድቶኝ መኪና ከገዛሁ፣ እኔ የማሳፍረው ሰው እንደ ዕቃ አይሰማውም ብሎ።

የሚያሳፍረው ሰው ደግሞ ያስፈልገው ነበር፤ ይህን ደብቀን አናልፍም። ባለቤቱ አስካለ አዲስ አበባ ላይ ከሞተችበት በኋላ ልጁ ኤልሻዳይ ሚኒሶታ አመጣችው። ብዙም ሳይቆይ የባሏ ሥራ ወደ ዳላስ ተዛወረና ጓዛቸውን ጠቀለሉ። «አባዬ፣ አብረኸን ና» አለችው። ሥራውንም ቤተ ክርስቲያኑንም ለምጃለሁ ብሎ ቀረ። እውነቱን ለመናገር፣ ከጓዙ እንደ አንዱ መቆጠር አልፈለገም። እናም እዚያው ሚኒሶታ፣ ኢገን በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ሁሉም ሰው ከመኪናው ወደ ቤቱ ከቤቱ ወደ መኪናው በሚልበት የአፓርታማ ግቢ፣ ብቻውን ይኖራል።

ሥራው በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ማጠፍ ነው። አገር ቤት ሳለ ማተሚያ ቤት ስለሠራ የማሽን ጩኸት አይገርመውም፤ እዚያ ግን በጩኸቱ ላይ እየተጯጯሁ ያወሩ ነበር። እዚህ ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ ነው የሚሠራው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከአፉ የሚወጣው ቃል «ሃይ» እና «ባይ» ነው። ቅዳሜ ልጁ ትደውላለች፤ የልጅ ልጁ ኖህ ስልኩ ላይ ብቅ ይልና «ሃይ ግራንድፓ» ብሎ ይሮጣል። አንዳንድ ቀን ገበያ ሄዶ ሒሳብ የምትቀበለውን ልጅ ሲያመሰግን ድምፁ ሻክሮ ይወጣል፤ ጠዋት ከተነሳ ጀምሮ አልተናገረበትማ።

መኪናዋ ይህን ሁሉ ለወጠችለት። ስሟን ብርቄ አላት። የበረዶ መፋቂያውን ይዞ ጠዋት ጠዋት መስታወቷን ሲጠርግ «እንዴት አደርሽ» ይላታል፤ ለሰው ቢሉት የሚያሳፍረውን ቁልምጫ ሁሉ ለእሷ ይላታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እሑድ ነው። እሑድ ማለዳ ከዚያው ግቢ ሁለት ሰው አሳፍሮ፣ ሌክ ስትሪት ከሚባለው ጎዳና አለፍ ብሎ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ይወስዳል።

ከፊት የምትቀመጠው ወይዘሮ ብዙነሽ ናት። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ አግብታ የፈታች፣ ልጅ ያልወለደች፣ ከእሱ በጥቂት ዓመት የምታንስ ሴት። ከኋላ ዋለ አለ፤ መጋዘን የሚሠራ፣ ነገር ሁሉ የሚያስቀው የአርባ ዓመት ጎልማሳ። ወይዘሮ ብዙነሽ የምትጦራቸው አሮጊት በእህታቸው ስም እየጠሯት ሚስጥር እንደሚነግሯት ታወራለች። ዋለ የመጋዘኑን አለቃ አረማመድ በአፉ ብቻ እያስመሰለ ያስቃቸዋል። ሰረቀብርሃን ወሬው እንዳያልቅበት ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ እየጮኸ ያልፈዋል።

«ጋሽ ሰረቀ፣ ሙሽራ ይዘናል እንዴ?» ይላል ዋለ።

እሱ ይስቃል። የዚያች መንገድ ሣቅ እስከ ሐሙስ ትበቃው ነበር፤ ዓርብ ላይ ሲያልቅበት ደግሞ እሑድ ደርሷል።

የብርቄ ጠባይ ታዲያ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። ብቻውን ሥራ ሲሄድባት አንድ ቀን አስቸግራው አታውቅም። ሰው ሲጭን ግን ከመንገዱ እኩሌታ አልፋ ልትደርስ ስትል ዝም ትላለች፤ መብራቷ ይበራል፣ ሬዲዮዋ ያወራል፣ ሞተሩ ግን የለም። ትንሽ ካረፈች በኋላ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ሰረቀብርሃን ቀናተኛ ናት ብሎ ደመደመ። የመጀመሪያው ጊዜ ሃይዌይ ዳር ቆመው ሳቁ። ሁለተኛው ጊዜ ወይዘሮ ብዙነሽ ከቦርሳዋ ለቅዳሴ መልስ የያዘችውን ዳቦ አውጥታ፣ መልሳ ከተተችው፤ ገና ጾም ላይ ናቸው። እሱ እንደ ባለጌ ልጅ አባት አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እነሱም «ምን ችግር አለው» ይላሉ። መካኒክ ዘንድ መውሰድ አልታየውም። ጠባይ ነው ተብሏላ፤ ጠባይ ደግሞ ይቻላል እንጂ አይታከምም።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፤ የደረሰው በጥቅምት ነው። ወይዘሮ ብዙነሽ ሆሳዕና ለምትባል የሥራ ባልደረባዋ ልጅ ክርስትና ልታነሳ ነበር። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ከውኃው ተቀብላ የምታቅፋት ሴት እስከ ዕድሜ ልክ እናቷ ናት። በዓል ሲመጣ ቤቷ ይኬዳል፣ ስትታመም ትጠየቃለች፣ ልጅቷ ስትዳር የእናት ወንበር አላት። መካን ለሆነች ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ወይዘሮ ብዙነሽ ነጩን ቀሚስ ራሷ መርጣ ገዛች፣ ማተቡን በገዛ እጇ ገመደች። በየእሑዱ መንገድ ላይ ወሬዋ ስለዚያች ልጅ ብቻ ሆኖ ነበር። ሰረቀብርሃንም ከእሷ ባልተናነሰ ሲዘጋጅ ሰነበተ። ብርቄን አሳጠባት፣ ወንበሯ ላይ አዲስ ነጭ ጨርቅ አነጠፈባት።

የክርስትናው ዕለት ቀደም ብለው ወጡ። ሌክ ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ያዛቸው፤ አረንጓዴ ሲሆን ብርቄ ዝም አለች።

ዋለ ወርዶ ገፍቶ ዳር አስያዛት። ሰረቀብርሃን ቁልፉን ሁለት ሦስቴ ሞከረና ተወው። «ጠባይዋን አውቀዋለሁ» አለ። «ትንሽ ትረፍ፣ ትነሳለች።»

ዋለ ስልኩን አወጣ። «ኡበር ልጥራ እንዴ?»

ወይዘሮ ብዙነሽ ወደ ሰረቀብርሃን ዞር አለች። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊት ለፊት ያያል፤ ጆሮው ቀልቷል። ቀሚሱን የያዘውን ከረጢት ጭኗ ላይ አስተካከለችና «ተው፣ አሁን ትነሳለች» አለች።

የሐበሻን ነገር ለማያውቅ ይህ አይገባውም። ፈረንጅ ቢሆን በሩን ከፍቶ ወርዶ፣ ታክሲ አስቁሞ፣ ከመስኮቱ እጁን እያወዛወዘ ይሄድ ነበር። የኛ ሰው ግን «መኪናህ አልረባችኝም» ከሚል ቢቀር ይመርጣል። ይሉኝታ ሁለቱንም ወንበራቸው ላይ ጠፍሮ ያዛቸው። ሰረቀብርሃንስ አልገባውም ነበር ወይ? ገብቶት ነበር። ሰዓቱን አይቷል፤ «ይሂዱ፣ ይድረሱ» ማለት እንዳለበት አውቋል። ቃሉ ግን ከአፉ አልወጣም። ያን ቢል ብርቄ መኪና አይደለችም ማለቱ ነው፣ እሱም የሚያሳፍር ሰው አይደለም ማለቱ ነው።

ብርቄ በራሷ ጊዜ ተነሳች። ሲደርሱ ልጅቷ ከውኃው ወጥታለች። ካህን ዘመድ አይጠብቅም፤ ወጥ ልታግዝ የመጣች አንዲት ሴት ተቀብላት አቅፋታለች፣ ማተብም ከሌላ ተገኝቶ ታስሮላታል። እናቷ ሆሳዕና ወይዘሮ ብዙነሽን ስታይ አለቀሰች። ወይዘሮ ብዙነሽ ግን አላለቀሰችም። ቀሚሱን ለእናቲቱ ሰጠች፣ ሕፃኗን ግንባሯን ሳመች፣ ከዚያ ወደ ሰረቀብርሃን ዞራ «ምንም አይደል፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰረቀብርሃን ይቅርታ መጠየቁን ሥራዬ ብሎ ያዘው። ሰኞ ደወለ፣ ማክሰኞ ደወለ፣ ረቡዕ ሙዝ በፌስታል ይዞ በሯን አንኳኳ። በሚቀጥለው ሳምንት የልብስ ሳሙና፣ ከዚያ ደግሞ ከገበያ ማዕከሉ ያገኘው ቀይ አበባ። በየጊዜው «እንዴት አድርጌ እክስዎታለሁ» ይላል፤ በየጊዜው «ምንም አይደል አቶ ሰረቀብርሃን» ትለዋለች። ድምፅዋ እየቀጠነ መሄዱን አላስተዋለም። ይቅርታዋን በሰማ ቁጥር ለአንድ ምሽት ያህል ይተኛል፤ በማግስቱ ደግሞ ይደውላል።

መጀመሪያ የቀረችው እሷ ናት። «ጉልበቴን ትንሽ አሞኛል፤ ቅዳሴውን ቤት ሆኜ በስልክ እከታተላለሁ» አለችው። ዋለም በሳምንቱ «ኦቨርታይም ገብቻለሁ ጋሽ ሰረቀ፣ ሰንበትም የለኝ» አለ። ሰረቀብርሃን አመናቸው። አምኖ ብቻውን ሄደና የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ ብርቄን አቁሞ ቁልፉን ሲያወጣ፣ የቸሩ ትልቁ ቫን አጠገቡ መጥታ ቆመች። ቸሩ እዚያው ኢገን የሚኖር፣ አምስት ልጆች ያሉት ሰው ነው። ልጆቹ ተራ በተራ ወረዱ፤ ከእነሱ ኋላ ዋለ ወረደ። ከዋለ ኋላ ያ ታመመ የተባለው ጉልበት በደህና ዘሎ ወረደ።

ሰረቀብርሃን ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ተደበቀ። ወገቡን ሰብሮ ከመሪው ሥር ጎንበስ አለ፣ የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው። እነሱ እንዳያፍሩ ብሎ ነው። ገብተው እስኪያልቁ እዚያው ታጥፎ ቆየ፤ ቀና ሲል ወገቡም ዓይኑም ተቃጥሎበት ነበር። ያን ቀን ቅዳሴው ሳያልቅ በኋላ በር ወጣ። ከዚያ ወዲህም አመሉ ይኸው ሆነ። አርፍዶ ይደርሳል፣ ቀድሞ ይወጣል፣ ሰው እንዳይሸሸው እሱ ቀድሞ ይሸሻል።

ጥፋቱን ሁሉ ብርቄ ላይ አላከከ። ብዙ ካሰበ በኋላ ቅዳሜ ዕለት ከሌክ ስትሪት ጀርባ ጋራዥ ወዳለው ወደ ፈዋዝ ወሰዳት። ፈዋዝ የወሎ ልጅ ነው፤ ሰው ሲያወራ አያቋርጥም። ሰረቀብርሃን ቅናቷን ሁሉ ዘርዝሮ ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

«ሥራ ቦታዎ ቅርብ ነው ጋሼ?»

«ቅርብ ነው።»

«ቤተ ክርስቲያኑስ?»

«እሱ ሩቅ ነው እንጂ።»

«እንግዲያ ቅናት አይደለም፣ ሙቀት ነው» አለ ፈዋዝ። «ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ አንዷ ሴንሰር ሲግናል መስጠት ታቆማለች፣ ሲቀዘቅዝ ትመለሳለች። አሁኑኑ ቼንጅ አደርግልዎታለሁ። ለምን እስከ ዛሬ ሳያመጧት?»

«ጠባይ ነው ብዬ» አለ ሰረቀብርሃን።

ፈዋዝ የተበላሸችውን ዕቃ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። አውራ ጣት አታክልም። ሰረቀብርሃን አገላብጦ አያት። በዚህች ምክንያት አንዲት ሴት የክርስትና ልጇን አጣች፣ እሱም ሰው አጣ። ደግሞ ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ የሚድን በሽታ ነበር።

የዚያን ዕለት ሊፈትናት ብሎ ብዙ ነዳት። ከሌክ ስትሪት ወጥቶ ወንዙን ተሻገረ፣ ሴንት ፖል ገባ፣ ስኔሊንግ አቨኒውን ከታች እስከ ላይ ወጣው። የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ መስኮት ላይ ሰዎች በአንድ ትሪ ዙሪያ ተሰብስበው ይታያሉ፤ አንዱ ለሌላው ያጎርሳል። ርቦት ነበር። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለው ትዝ አለውና አልገባም፤ አዙሮ ተመለሰ። ብርቄ አንዴም አልቆመችም። ግቢው ሲደርስ ዞር ብሎ የኋላውን ወንበር አየ፤ ለዋለ «አየህ?» ሊለው ነበር። ነጩ ጨርቅ ሳይጨማደድ ተነጥፏል።

አሁን መኪናዋ ዳነች። ግን ለማን ይንገር? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ደውሎ «ተሠርታለች፣ ኑ» ቢላቸው ይመጣሉ። እምቢ ማለት አይችሉማ፤ እየፈሩም ቢሆን፣ በልባቸው እየጸለዩ ይመጣሉ። እሱ ደግሞ እንዲህ ያለ ተሳፋሪ ሆኖ ኖሯል፤ በሌላው ላይ ሊያደርገው አልፈለገም። ዝም አለ። ዝም ማለቱም ለእነሱ ያኮረፈ አስመሰለው፤ ይህንን ኋላ ነው የተረዳው። ልጁ ስትደውል «አባዬ፣ ያቺን ቆርቆሮ ሽጣትና ና» ትለዋለች። «ደህና ናት እኮ፣ ዳነች» ይላል። ደህና መሆኗ ምን እንደሚጠቅመው ግን ራሱም አያውቅም ነበር። ማታ ማታ ብርዱ ሲጠና ሞተሯ እንዳይቀዘቅዝ በሚል ሰበብ ወርዶ ያሞቃታል። ሙቀቱ ሲገባ ከጎኑ ያለውን ባዶ ወንበር እያየ ይቀመጣል። ብቸኛ መሆኑን ለራሱ የነገረው ያኔ ነው፤ በቃል፣ ድምፅ አውጥቶ። ብርቄ ሰማችው፣ ሌላ የሰማው የለም።

ጥር መጣ። ቸሩ ጥምቀትን ከእናቱ ጋር ለማክበር ቤተሰቡን ይዞ አገር ቤት ሄደ፤ ዋለ ደግሞ ሥራው አጠገብ ሌላ ቤት ተከራይቶ ከግቢው ለቋል። በዚያ ሰሞን አንድ እሑድ ሰረቀብርሃን እንደ ልማዱ አርፍዶ ሲወጣ፣ ከግቢው ማዶ የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነጠላዋን ከካፖርቱ በላይ የደረበች ሴት አየ። ወይዘሮ ብዙነሽ ናት። በዚያ ብርድ፣ እሑድ፣ አውቶቡስ መቼ እንደሚመጣ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ልቡ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ ይሉኝታው ቀደመው። ብቆም አልሳፈርም ማለት አትችልም አለ። ብርቄን እየፈራች ትገባለች፤ ሳልጠይቃት አስገደድኳት ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት እያየ፣ እንዳላያት ሆኖ አለፋት። ለእሷ ብሎ ነው ያለፋት። በመስታወቱ ሲያይ ግን አንገቷን አዙራ መኪናዋን ትከተላለች፤ እጇን አላነሳችም፣ ዝም ብላ ታያለች።

መብራቱ ጋ ሲደርስ ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን የሚያደርግ ብሎ ራሱን ሰደበ። አዞረና ተመለሰ።

በሩን ራሷ ከፍታ ገባች። እግዜር ይስጥልኝ አላለችም፣ ደህና አደሩ አላለችም። ነጠላዋ ላይ ያረፈው በረዶ ቀልጦ አንገቷ ሥር ሲገባ እንኳ አልጠረገችውም። ሰረቀብርሃን ማሞቂያውን ጨመረ። ሃይዌዩ ላይ ወጡ። ሊነግራት የሚፈልገው ብዙ ነበር፤ ስለ ፈዋዝ፣ ስለዚያች ትንሽ ዕቃ፣ ከእንግዲህ እንደማትቆም። አፉን ሲከፍት የወጣው ግን የለመደው ነው።

«ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያኔ በጥቅምት…»

«በቃ» አለች።

የማሞቂያውን ድምፅ ዝቅ አደረገ።

«በቃህ። ስንቴ ነው ይቅር የምልህ? የቀረብኝ እኔ፣ የማጽናና እኔ። ሥራ ውዬ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ትደውላለህ፤ ምንም አይደል እልሃለሁ። ሙዝ ተሸክመህ ትመጣለህ፤ ምንም አይደል እልሃለሁ። እንዴት ነው ምንም የማይሆነው? መኪናህን ፈርቼ የቀረሁ መሰለህ አይደል? መኪናህ ምን አደረገችኝ፣ ብረት ናት። ይቅርታህ ነው የከበደኝ። አንድ ቀን እንኳ ልቆጣህ ጊዜ አልሰጠኸኝም።»

ሰረቀብርሃን መንገዱን ያያል። መንገዱ ደብዘዝ ብሎበታል።

«ሂጂ ብትለኝ ሮጬ እሄድ ነበር» አለች። «አንዲት ቃል ነበረች። ሰዓቱን ስታይ አይቼሃለሁ።»

«አይቻለሁ» አለ። «ማለት ነበረብኝ። አውቄ ነው ያላልኩት።»

«እኔስ? ዋለ ልጥራ ሲል ተው ትነሳለች ያልኩት እኔ አይደለሁም? አንተ እንዳታፍር ብዬ። አንተ እንዳታፍር ብዬ ልጄን ለሌላ ሰጠሁ። ለገና እዚያች ሴት ቤት ወሰዷት። ፎቶዋን ላኩልኝ፤ ያን ቀሚስ ለብሳ።»

ከዚያ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ከጥቅምት ጀምሮ ያጠራቀመችው ሁሉ ወረደ። ድልድዩን ሲያልፉ ታለቅስ ነበር፣ ከሃይዌዩ ወርደው ሌክ ስትሪት ላይ ያ ቀይ መብራት ሲይዛቸውም ታለቅስ ነበር። በልቅሶዋ መሐል ትቆጣዋለች፤ ዛሬ ደግሞ አይተኸኝ አለፍክ፣ እንደ ውሻ ጥለኸኝ አለፍክ ትለዋለች። ሰረቀብርሃን ይቅርታ የምትለዋ ቃል ጥርሱ ላይ እየደረሰች ዋጣት። ያቺን ቃል ሲልክ የኖረው ለራሱ እንቅልፍ እንደነበር አሁን ገባው። ዝም ብሎ ሰማት። ሌላም ነገር ገባው፣ ያፈረበት ነገር። አስካለ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ተቆጥቶ አንተ ያለው ሰው አልነበረም። እሷ እያለቀሰች ሳለ የእሱ ልብ ሞቀ፤ መሞቁ ነውር መሰለው፣ ግን ሞቀ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ብርቄ ሄደች።

ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ሲደርሱ ቅዳሴው ገብቷል፤ ዜማው እስከ ውጭ ይሰማል። ወይዘሮ ብዙነሽ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ በመስታወቱ ዓይኗን አየች፣ በሩን ከፍታ ወረደች። ልትዘጋው ስትል ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየችው።

«ሲያልቅ ጠብቀኝ» አለች። «ገና አልጨረስኩም።»

በሩ ተዘጋ። ሰረቀብርሃን ሞተሩን አጠፋ፤ ከዚያ ወዲያው መልሶ አስነሳት። ተነሳች። እንደገና አጠፋትና ወርዶ ወደ ቅዳሴው ገባ፤ በዚያን ዕለት እስከ መጨረሻው ቆመ።